መዳቡ ለምን እኩል አይለወጥም? የማይንክራፍት ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ለናንተ። የዚህን ዙር ጥያቄዎች ሳገላብጥ አብዛኛው መዳብ ላይ ነው፣ ባለፈው ስለ ሬድስቶን ስናወራ በጎን አንዴ ጠቀስ አድርጌው ስላለፍኩ መሰለኝ ሰው ሁሉ ተነስቶ ጣሪያውን መዳብ ያለበሰው። እሺ የዛሬው የመዳብ ይሁን። ለአዲስ ሰው፣ ማይንክራፍት በብሎክ የሚገነባበት ጌም ነው፣ የመዳብ ብሎክ ደግሞ እየቆየ ቀለሙ ይለወጣል። ቁጥር ስጠራ ጃቫ ኤዲሽን የሚባለውን የጌሙን ዕትም ነው የምጠራው፣ ሌላውን ዕትም ቤድሮክን የምትጫወቱ ጠባዩ ያው ነው ብላችሁ ያዙት፣ ሰዓቱን ግን ከኔ ቁጥር ጋር አታስተያዩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሰርቫይቫል ወርልዴ ላይ ትልቅ የመዳብ ግድግዳ ሠርቻለሁ። ግራው ግማሽ ቆየት ያለ ነው፣ ብርቱካኑ ጠፍቶ ሁሉም ቡናማ ሆኗል፣ በስተዳር ደግሞ አረንጓዴ ማለት ጀምሯል። በቅርቡ ግድግዳውን በአዲስ መዳብ ወደ ቀኝ አስረዘምኩት፣ ከዛ ወዲህ ከመጋጠሚያው በስተግራ ያሉት 4 ረድፎች በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል ቡናማ ላይ ደርቀው ቀሩ፣ ከነሱ ወዲያ ያለው ግን ይቀጥላል። የጓደኛዬ ቤት በር ላይ ያለችው አንዲት ብሎክ ደግሞ በአንድ ማታ አረንጓዴ ሆና አረፈችው። ጌሙ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ? — ግድግዳው ያደከመኝ

መልስ፦ ሁለታችሁም ደህና ናችሁ፣ እንደውም ሕጉን ሳታውቀው ግድግዳህ ላይ ስለኸዋል።

መዳብ 4 ስቴጅ አለው፦ አዲሱ ብርቱካናማ፣ ከዛ ቡናማ ቢጤው ኤክስፖዝድ የሚሉት፣ ከዛ ወደ አረንጓዴ የዞረው ዌዘርድ፣ መጨረሻ ሙሉ አረንጓዴው ኦክሲዳይዝድ። ካንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዕጣ ነው። ጌሙ ዓለሙን 16 በ16 በ16 በሆነ ሳጥን ይከፋፍለዋል፣ አንዱ ሳጥን 4096 ብሎክ ይይዛል ማለት ነው፣ ከዛ ውስጥ በየቲኩ (የጌሙ አንድ የልብ ምት በለው) 3 ብሎክ በዕጣ ያወጣል፣ ቲክ ደግሞ በሰከንድ 20 ነው። ስታሰላው አንድ ብሎክ በአማካይ በየ68 ሰከንዱ ገደማ ዕጣ ይደርሰዋል። መዳብ ግን ዕጣው በደረሰው ቁጥር አይሞክርም፣ ከ1125 ጊዜ 64ቱን ብቻ ነው የሚሞክረው፣ ይሄንን ስታባዛው ልክ 20 ደቂቃ ይመጣል፣ የጌሙ አንድ ቀንና ሌሊት። ስለዚህ እያንዳንዱ የመዳብ ብሎክ በጌም ቀን አንዴ ያህል "አሁን ልለወጥ?" ብሎ ይጠይቃል በለው።

መልሱን የሚሰጡት ጎረቤቶቹ ናቸው፣ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ብሎኩ በ4 እርምጃ ውስጥ ያለውን ሰም ያልተቀባ መዳብ ሁሉ ያያል (ሰም የተቀባው ቀለሙ ባለበት ይቆማል)፣ እርምጃው የሚቆጠረው ወደፊት፣ ወደጎን፣ ወደላይ ነው እንጂ በሰያፍ አይደለም፣ ሁለት ወደ ቀኝ ሁለት ወደ ላይ ካልክ 4 ሞላ። ከነሱ ውስጥ ከሱ ወደኋላ የቀረ አንድ እንኳን ካለ በቃ ይተወዋል። አንድ! 39 ጎረቤት አብሮት ቢደርስ አንዷ ብርቱካን ካለች ንቅንቅ አይልም። ያንተ 4 ረድፎችም እንደዛ ናቸው፣ ከአዲሱ መዳብ በ4 እርምጃ ውስጥ ስላሉ ታናሾቻቸውን እየጠበቁ ነው፣ አምስተኛው ረድፍ ግን አዲሱን አያየውም፣ ስለዚህ መንገዱን ይቀጥላል። ጌሙ ባግ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አይወጣለትም ነበር እኮ።

ወደኋላ የቀረ ከሌለ ደግሞ ይቆጥራል። ከሱ የቀደሙት ስንት ናቸው፣ እኩዮቹ ስንት ናቸው ይልና፣ የቀደሙት ሲደመር 1ን ለሁሉም ሲደመር 1 አካፍሎ በራሱ ያባዛዋል፣ ከመጀመሪያው ስቴጅ ለመውጣት ከሆነ ደግሞ በ0.75 አባዝቶ ይቀንሰዋል። በቁጥር ልየው ካልክ አዲሱ ግማሽ መሀል ያለ ብሎክ ውሰድ። ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ በ4 እርምጃ ውስጥ 40 ጎረቤት አለው፣ ሁሉም እኩዮቹ ብርቱካን ናቸው። 1 ለ41፣ በራሱ ሲባዛ 1 ለ1681፣ የ0.75ቱ ቅናሽ ሲገባ በአንድ የጌም ቀን ከ2241 አንድ ዕድል ገደማ። ምንም ማለት ነው። ግን ከጎረቤቶቹ ግማሹ ቀድመውት ቢሄዱ ያው ብሎክ 21 ለ41 ይሆናል፣ ዕድሉ ወደ 20 በመቶ ይዘላል፣ ሁሉም ቀድመውት እሱ ብቻ ቢቀር ደግሞ 75 በመቶ። አጀማመሩ የቀንድ አውጣ ነው፣ መሀል ላይ ይሟሟቃል፣ መጨረሻ ላይ የቀሩትን እየጎተተ ያስገባቸዋል። ያንተም አዲሱ ግማሽ ከመጋጠሚያው ጀምሮ ነው ቡናማ የሚሆነው፣ ጠብቅና እየው።

የጓደኛህ ብሎክ ብቻዋን ናት፣ የምትጠብቀውም የሚጎትታትም የለም፣ ክፍልፋይዋ 1 ለ1 ነው። የመጀመሪያው ስቴጅ በአማካይ 27 ደቂቃ ገደማ፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ 20 20 ደቂቃ፣ ድምር 67 ደቂቃ። በአንድ ማታ ማለቋ ምንም ተአምር የለውም።

ስለዚህ ምን ላድርግ ካልክ ግድግዳው ላይ አትጠብቅ፣ ይሄ የኔ ቋሚ ምክር ነው። መዳቡን መጀመሪያ ሜዳ ላይ በትነህ አብስለው፣ ከዛ ሥራበት። በቀጥታ መስመር በሁለት ብሎክ መሀል 4 ባዶ ቦታ ስትተው አንዱ ሌላውን አያየውም። 21 በ21 በሆነ ሜዳ ላይ በዚህ ርቀት 25 ብሎክ ይገባል፣ ወደ ላይም በተመሳሳይ ክፍተት 5 ፎቅ ከደረደርክ 125። እዛው አካባቢ ሁለት ሰዓት ያህል ሌላ ሥራህን ሥራ፣ አብዛኛው አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቅሃል፣ ጥቂት ሰነፎች ይቀራሉ እነሱን ተዋቸው። መራቅ ግን የለም፣ ከራቅክ ጌሙ ቦታውን አያንቀሳቅሰውም፣ ዕጣም አይወጣም፣ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥከው መዳብም ዘላለም ብርቱካን ነው።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ የምትፈልገው ከት ኮፐር (የተቆረጠ መዳብ) ወይም ደረጃ ከሆነ ሙሉውን ብሎክ አብስለህ ከዛ ስቶንከተር በሚባለው መቁረጫ ላይ ቁረጠው። አንድ ሙሉ ብሎክ 4 ከት ኮፐር ይወጣዋል፣ ስላብ (ግማሽ ብሎክ) ከሆነ 8። 200 ከት ኮፐር ለሚፈጅ ጣሪያ ማብሰል ያለብህ 50 ብሎክ ብቻ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንቱን ነጠላ ስላብ ሜዳ ላይ ስዘራ እንደከረምኩ አይወራም።

ጥያቄ፦ መዳብ ዝናብ ሲመታው ቶሎ ይለወጣል ብለውኝ ጣሪያዬን ክፍት አደረግኩት፣ ውሃም አፈሰስኩበት፣ ሌሊቱም ቶሎ ቶሎ እንዲያልፍ እየተኛሁ ነው፣ ምንም የለም። ምን ላድርግ? — እየተኛሁ ጠባቂ

መልስ፦ መጀመሪያ ከአልጋው ተነሳ። መተኛት ሰዓቱን ወደ ጠዋት ያዘልለዋል እንጂ የተዘለለው ሌሊት ውስጥ ይወጡ የነበሩት ዕጣዎች አይወጡም፣ ለመዳቡ ያ ሌሊት ጭራሽ አልነበረም ማለት ነው። እየተኛህ ከምትጠብቅ ሌሊቱን ቁጭ ብለህ ስታሳልፈው ይሻልሃል፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ገደማ ታተርፋለህ።

ዝናብም ውሃም ምንም አያደርጉለትም። ከመሬት በታች፣ ጨለማ ውስጥ፣ ባሕር ሥር፣ ኔዘር በሚሉት ሌላው ዓለም ውስጥ፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ እውነተኛው መዳብ እርጥበትና አየር ስለሚፈልግ ነው። የኒውዮርኳ የነጻነት ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1886 ስትመረቅ የመዳብ ቀለም ነበራት፣ ቆዳዋ 2.4 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የመዳብ ቆርቆሮ ነው፣ መጀመሪያ ጠቆረች ከዛ በዓመታት ውስጥ አሁን የምናውቀውን አረንጓዴ ለበሰች። የጌሙም አራት ቀለም ያንን መንገድ ነው የሚከተለው። ምክንያቱን ግን ወስዶ በጎረቤት ቆጠራ ተክቶታል፣ እኔ በበኩሌ የጌሙን እወደዋለሁ፣ ዝናብ ቢሆን ኖሮ በረሃ ላይ የሠራ ሰው ምን ሊውጠው ነው።

ቺት የበራበት ወርልድ ከሆነ ራንደም ቲክ ስፒድ የሚባለውን ጌምሩል (የዕጣውን ብዛት የሚወስነውን ቅንብር) ከ3 ወደ 300 ብታደርገው ሁሉ ነገር መቶ እጥፍ ይፈጥናል፣ ሁሉ ነገር ስልህ ግን ሁሉ ነገር ነው፣ እርሻውም ሐረጉም ሳሩም። ጨርሰህ መመለሱን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ኤክስፖዝድ ላይ ያለ ግድግዳ ነበረኝ፣ ቀለሙ በጣም ነበር የሚያምረው። ሰም የቀባሁ ስላልመሰለኝ ለማረጋገጥ በመጥረቢያ ነካሁት፣ ቀለሙ ምንም አልሆነም፣ ደግሜ ነካሁት፣ ብርቱካን ሆነ! ምንድነው የሆነው? — የቸኮለ እጅ

መልስ፦ የመጀመሪያው ምት ሰሙን አነሳው፣ ሁለተኛው ቀለሙን። መጥረቢያ ሁሌም በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚፍቀው፣ ሰም ካለ ሰሙን ብቻ፣ ከሌለ አንድ ስቴጅ ወደኋላ። ሰም የተቀባና ያልተቀባ መዳብ በዓይን አይለይም፣ ምንም ልዩነት የለውም፣ ስለዚህ በመጥረቢያ መፈተን ማለት ክብሪት ለኩሶ ቤንዚን መኖሩን እንደማየት ነው። በመጥረቢያ ሳይሆን በማር እንጀራ ፈትን፦ የማር እንጀራውን ይዘህ ራይት ክሊክ ስታደርግ ሰም ከሌለው ብልጭ ብልጭ ይልና ይቀባል፣ ካለው ምንም አይሆንም። በሁለቱም መንገድ ተርፈሃል።

ያ ቀለም ደግሞ አልጠፋብህም። አሁን ሙሉ ግድግዳው አንድ ላይ ስላለ ከፊትህ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ አንስተህ ሜዳ ላይ በትነው፣ እስከ አረንጓዴ ድረስ ይሂድ፣ ከዛ በመጥረቢያ ሁለት ሁለት ጊዜ ፍቀው። ኤክስፖዝድ ላይ ደርሶ እስኪቆም በዓይን ከመጠበቅ አረንጓዴ አድርጎ ወደኋላ መፋቅ በጣም ይቀላል፣ መሀለኛ ቀለም የሚፈልግ ሰው ሁሉ እንደዚህ ቢያደርግ እመክራለሁ። ሙሉ አረንጓዴ ግድግዳ ለኔ ትንሽ ይሰለቸኛል፣ ቡናማውና ዌዘርዱ ተቀላቅለው ሳያቸው ነው ቤት የሚመስለኝ፣ ጣዕም ነው እንግዲህ።

ስለ ሰም ዋጋ ለጠየቃችሁኝም እዚሁ ልመልስ። ለአንድ ብሎክ አንድ የማር እንጀራ ነው። የሞላ ቀፎ በመቀስ ስትቆርጡት 3 ይሰጣል፣ ከሥሩ የካምፕ እሳት ካለ ንቦቹ አይቆጡም። 200 ብሎክ ለመቀባት 67 ጊዜ መቁረጥ ነው። ግን ከላይ ያልኩት የስቶንከተር ነገር እዚህም ይሠራል፣ ሙሉውን ብሎክ ቀብታችሁ ከዛ ብትቆርጡት 4ቱም የተቀቡ ሆነው ይወጣሉ፣ 67ቱ ወደ 17 ይወርዳል። ግንቡ ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ የሚቀባ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ጌም አላውቅም፣ የ8 ዓመት ልጄ ነው የሚጫወተው። ትናንት "ቤቴ ሻገተብኝ" ብሎ አለቀሰ፣ ገብቼ ሳየው እውነትም ጣሪያው አረንጓዴ ሆኗል። ይፈርሳል ወይ? — የልጁ እናት

መልስ፦ እህቴ አይፈርስም፣ ይንገሩት። መዳብ ብረት አይደለም፣ ብረት ሲዝግ ይበላል፣ የመዳብ አረንጓዴ ግን ላዩ ላይ የሚቀመጥ ልባስ ነው፣ በእውነተኛው ዓለም እንደውም ከሥሩ ያለውን መዳብ ይጠብቀዋል። በጌሙ ውስጥ ጣሪያው ላይ ከቀለሙ በቀር የሚለወጥ ነገር የለም፣ ጣሪያው እንደነበረው ጠንካራ ነው። ብርቱካኑን ከወደደው መጥረቢያ ይዞ እያንዳንዱን ብሎክ ሦስት ጊዜ ይፋቀው፣ ወዲያው በማር እንጀራ ይቀባው፣ ከዛ በኋላ አይለወጥበትም። እርስዎም አብረውት ቢፍቁ አይጠሉትም፣ ድምፁ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ሙሉ አረንጓዴ ጉልላት አለኝ፣ ጫፉ ላይ ቤቱ እንዳይቃጠል ብዬ የመብረቅ መከላከያ ተክያለሁ። በየነጎድጓዱ ማግስት ጫፉ ብርቱካን ሆኖ ዙሪያው ተዥጎርጉሮ አገኘዋለሁ። ማነው የሚፍቅብኝ? ሰርቨር ላይ ስለሆነ ሰው ጠርጥሬ ተጣላሁ። — ጉልላቱ የተዥጎረጎረበት

መልስ፦ ይቅርታ ጠይቅ፣ መብረቁ ነው። መብረቅ መከላከያውን ሲመታ ምቱ ወደ ተተከለበት ብሎክ ይወርዳል፣ ያ ብሎክ ሰም ያልተቀባ መዳብ ከሆነ በአንዴ እስከ አዲሱ ብርቱካን ድረስ ይጸዳል፣ ከዛ ምቱ በዙሪያው እየተንከራተተ ያገኘውን መዳብ አንድ አንድ ስቴጅ ወደኋላ ይመልሳል። መከላከያው ደግሞ ጃቫ ላይ እስከ 128 ብሎክ ርቀት የሚወርደውን መብረቅ ወደራሱ ስለሚስብ የአካባቢውን መብረቅ ሁሉ ራስህ ጉልላትህ ላይ ጠርተኸዋል።

የባሰው ደግሞ ማግስቱ ነው። ከላይ ለግድግዳው ባለቤት ያልኩትን አስታውስ፣ ያቺ ብርቱካን የሆነችው ጫፍ በ4 እርምጃ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይዛ ታቆማቸዋለች፣ ተዥጎርጉረው የቀሩት እሷ እስክትደርስ ይጠብቃሉ፣ እሷ ስትደርስ ሌላ ነጎድጓድ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከመከላከያው ሥር ያለችውን አንዲት ብሎክ በድንጋይ ለውጣት፣ ወይ ጉልላቱን ሰም ቀባው። ሰም የተቀባን መዳብ መብረቅ አይነካውም። ሁለቱንም ብታደርግ ደግሞ የበለጠ እንቅልፍ ይወስድሃል።

ጥያቄ፦ መዳብ በብዛት የት ላግኝ? — ባዶ እጅ

መልስ፦ ከፍታ 48 አካባቢ ቆፍር፣ ድሪፕስቶን ዋሻ ካገኘህ እዛ ክምችቱ ትልልቅ ነው። ቢያንስ የድንጋይ ፒክአክስ (ዶማ) ያዝ። አንዱ ኦር (መዳብ ያለበት ድንጋይ) ከ2 እስከ 5 ጥሬ መዳብ ይሰጣል፣ አንድ ብሎክ 9 ኢንጎት (የቀለጠ መዳብ) ነው።

ጥያቄ፦ ምድር ቤቴን ኮፐር በልብ በሚሉት የመዳብ አምፖል ነው ያበራሁት፣ ድሮ ፏ ያለ ነበር፣ አሁን ጨለመብኝ። ተቃጠሉ እንዴ? ደግሞ ኮፐር ጎለሜ (ዕቃ የሚያመላልስልኝ የመዳብ ሰው) ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ቀረ፣ አይንቀሳቀስም። — ምድር ቤት

መልስ፦ አልተቃጠሉም፣ አርጅተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በጌሙ 1.21 ዕትም የመጡት እነዚህ አምፖሎች ብርሃናቸው ከስቴጁ ጋር ይወርዳል፣ አዲሱ 15፣ ከዛ 12፣ ከዛ 8፣ አረንጓዴው 4። ፍቀህ የምትፈልገው ብርሃን ላይ ስትደርስ ሰም ቀባው። ሁሉንም ወደ 15 አትመልሳቸው ግን፣ ኮሪደር ላይ 8ቱ ያምራል፣ መጋዘን ላይ 15ቱ ይሁን።

ጎለሙም ያው በሽታ ነው ያለበት፣ አረንጓዴ ሆኖ ሐውልት ሆኗል። መጥረቢያህን ይዘህ እየፋቅክ ወደ ድሮው ቀለም ስትመልሰው ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል፣ እንደተነሳ ሳይርቅህ የማር እንጀራ ቀባው፣ ካለዛ ከጊዜ በኋላ እዛው ሳጥን አጠገብ ታገኘዋለህ።